እቅፍ ይለምዳል ወይ?

በቀደም ደሴ ላይ አንዲት ወጣት እናት፣ «ሲስተር፣ ባለቀሰ ቁጥር ካነሳሁት እቅፍ አይለምድብኝም?» አለችኝ። ልጁ ሦስት ወሩ ነው። «አብሽሪ፣ አንሺው» አልኳት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በ1977 ዓ.ም. ጀማሪ ነርስ ነበርኩ። እዚሁ ወሎ፣ በረሃብ የተጎዱ ሕፃናት ክፍል ውስጥ። አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ አያቱ በአንቀልባ አዝለው አመጡት። እናቱ መንገድ ላይ ቀርታለች። በሽታ እንዳይዛመት ተብሎ አስታማሚ አይገባም ነበር። «ውጭ ይጠብቁ» አልኳቸው። አልተከራከሩኝም። ነጠላቸውን አውልቀው «አልብሽልኝ» ብለው ወጡ። እኔ ቆሻሻ ነው ብዬ መጋዘን ወረወርኩት። ለልጁ የቀረችው የሚያውቃት ጠረን ያቺ የነጠላዋ ጠረን ነበረች።

ወተቱን በሰዓቱ ሰጠሁት። ጠጣ። መጀመሪያ አለቀሰ፣ በሁለተኛው ቀን ተወ። መዝገቡ ላይ «ተረጋግቷል» ብዬ ጻፍኩ። ዓይኑ ጣሪያ ላይ ነበር። በአራተኛው ሌሊት አያቱ መስኮቱ ሥር ሆነው መንዙማ አንጎራጎሩ። ልጁ አንገቱን አዞረ። ይህን በዓይኔ እያየሁ በሩን አልከፈትኩም። የከፈተችላቸው በማግስቱ ተረኛ የነበረችው ጓደኛዬ ናት። ልጁ ተረፈ። አያቱ ሲወጡ እኔንም መረቁኝ።

ዛሬ በምግብ እጥረት ለተጎዳ ሕፃን ፍቅርና ጨዋታ የሕክምናው አካል ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ትሮኒክ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እናቶች ሕፃናቸውን እያዩ ለጥቂት ደቂቃ ፊታቸው ላይ ምንም ስሜት እንዳያሳዩ አድርጎ ነበር። ሕፃኑ ፈገግ ይላል፣ ይንጠራራል፣ እምቢ ሲሉት ፊቱን ያዞራል። ሳነበው ያ ጣሪያ ትዝ አለኝ። ስልክ ላይ አቀርቅራችሁ የምታጠቡትን ሳይም ትዝ ይለኛል። አራስ ልጅ ጥርት አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ነው፤ ከጡት እስከ ፊታችሁ።

ስለ እቅፉ፣ ቀደም ሲል ካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች እናቶችን ያጠናችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሜሪ ኤይንስዎርዝ በ1972 (እ.ኤ.አ.) ከሥራ ባልደረባዋ ጋር መልስ ሰጥታለች። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቶሎ የተነሱ ልጆች ዓመት ሲሞላቸው ለቅሷቸው አንሶ ነው የተገኘው።

ደግሞ ሸክሙ የእናት ብቻ ነው አላልኩም። ያን ልጅ የያዙት አያቱ ናቸው። አንቺ ደሴ ያለሽው፣ አንሺው። ክንድሽ ሲዝል ለእናትሽ፣ ለአባቱም ስጪ።