በአንዱ ሠርቶ ለአምስቱ ማደል፦ የኒክስኦኤስ ጥያቄና መልስ

አምስት ማሽኖች አሉኝ፤ ሁሉም ላይ ኒክስኦኤስ ነው የተጫነው፤ መላው ሲስተም በፋይል ተጽፎ ከዚያ የሚሠራበት የሊኑክስ ዓይነት ነው። ቢልዱን (ከተጻፈው ፋይል ሲስተሙን አዘጋጅቶ ማውጣቱን) የሚሠራው ባለ 32 ጊጋባይት ራሙ ዴስክቶፕ ብቻ ነው። ሁለት ያረጁ ላፕቶፖች፣ አንድ ራስበሪ ፓይ 4 (ትንሽዬ ኮምፒውተር) እና ከቤት ርቆ ያለ ትንሽ ሰርቨር ተቀባዮች ናቸው። ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሃርድዌራቸው ለየቅል ሆኖ እንዴት አንድ ሲስተም ለሁሉም ይሆናል?

መልስ፦ ለየራሳቸው ነው የምሠራላቸው። ተጠቃሚዎች፣ የአማርኛ ኪቦርድ፣ የሰዓት ቀጠና፣ የኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ማሽን መግቢያው) ቁልፎች በአንድ የጋራ ፋይል ተጽፈዋል። ዲስኩ፣ ድራይቨሩና ስሙ ደግሞ በየማሽኑ ፋይል። ዴስክቶፑ ሁለቱን አገናኝቶ ለእያንዳንዱ የተሟላ ሲስተም ያወጣል፤ የሚጋሩትን አንዴ ብቻ ይሠራዋል። ከዚያ ‹ኒክስኦኤስ-ሪቢልድ› የሚባለው ትእዛዝ ላይ ‹ታርጌት-ሆስት› ጨምሬ የተቀባዩን ስም እሰጠዋለሁ፤ ያለቀው በኤስኤስኤች ይሄድለታል።

ጥያቄ፦ እኔ ጄንቱ (ሌላ የሊኑክስ ዓይነት) ላይ እንዲህ ሞክሬ ላፕቶፑ ‹ኢሊጋል ኢንስትራክሽን› (የማላውቀው ትእዛዝ) እያለ አስቸገረኝ።

መልስ፦ ‹ማርች ኔቲቭ› ብለህ ኮምፓይል አድርገህ ይሆናላ! ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው) የሚሠራበትን ፕሮሰሰር አይቶ ለእሱ ብቻ የሚሆን ኮድ ያወጣል። ለምሳሌ ኤቪኤክስ2 የሚባለው የትእዛዝ ስብስብ ወደ ኢንቴል ፕሮሰሰሮች የገባው በ2013 ነው፤ ከዚያ የቀደመ ላፕቶፕ ትእዛዙን አያውቀውም። ከማሽኖችህ ሁሉ ደካማውን መነሻ አድርግ። ኒክስ (የኒክስኦኤስ ፓኬጅ ሠሪ) ካልነካካኸው ለሁሉም ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር የሚሆነውን ነው የሚሠራው። ብትነካካው ግን ሕዝባዊው ካሽ (ለሁሉም ክፍት የሆነው ማከማቻ) ላይ ተሠርቶ የተቀመጠው አይገጥምህም፤ ኮምፓይለሩን ራሱን ሳይቀር ከዜሮ ትሠራለህ። ለአሮጌ ላፕቶፕ ያን ያህል መድከም አይታየኝም።

ጥያቄ፦ የፓዩ ፕሮሰሰር ኤአርኤም የሚባለው ሌላ ዓይነት አይደለም እንዴ? ኢንቴል ላይ እንዴት ይሠራለታል?

መልስ፦ ልክ ነሽ። ዴስክቶፑ ላይ ‹ቢንኤፍኤምቲ› የሚባለውን በአንድ መስመር ስታበሪ ኪውኤሚዩ የሚባለው የኤአርኤም ፕሮሰሰርን እያስመሰለ የፓዩን ፕሮግራም ያስኬደዋል። ቀርፋፋ ነው፣ በጣም! ደግነቱ አብዛኛው ፓኬጅ ለኤአርኤምም ካሹ ላይ ስላለ የሚቀረው ጥቃቅን ነገር ነው። ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ራሴ ልሥራ ካልሽ ማታ ጀምረሽ ተኚ። እኔ እንዲያ ብዬ ሌሊት መብራት ጠፋ። ያለቁት ፓኬጆች በቦታቸው ነበሩ፤ ከርነሉ ግን መሃል ላይ ስለነበር ከመጀመሪያው።

ጥያቄ፦ ዳታ ይቆጥባል?

መልስ፦ ይቆጥባል። ዴስክቶፑ አንዴ ያወርዳል፤ ቤት ያሉት በዋይፋይ የጎደላቸውን ብቻ ይቀበላሉ። ግን ጂሊብሲ (ፕሮግራሞች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚደገፉበት ላይብረሪ) የተቀየረ ቀን እሱ ላይ የቆመው ሁሉ አዲስ ሃሽ (መለያ ቁጥር) ስለሚይዝ ሲስተሙን እንዳለ እንደማውረድ ነው። ያን ቀን ጥቅል ሳትገዛ አትጀምር።

ጥያቄ፦ ተቀባዩ ማሽን የላክሁለትን ‹ፊርማ የለውም› ብሎ አልቀበልም አለኝ።

መልስ፦ ዴስክቶፑ ላይ የፊርማ ቁልፍ አውጣ፣ ሕዝባዊውን ግማሽ ተቀባዩ ላይ አስመዝግብ። ብዙዎች አቋራጭ ብለው ተጠቃሚውን ‹ትረስትድ ዩዘርስ› (የታመኑ ተጠቃሚዎች ዝርዝር) ውስጥ ይጨምራሉ፤ እሱ ሩትን (ሙሉ ሥልጣንን) እንደመስጠት ነው።

ጥያቄ፦ ፓስወርድስ የጋራው ፋይል ላይ ይጻፋል?

መልስ፦ በፍጹም! የተጻፈው የሚገባበት የኒክስ ስቶር (የኒክስ ማከማቻ) ማሽኑ ላይ ላለ ተጠቃሚ ሁሉ ይነበባል። ምስጢሩን የሚያመሰጥሩልሽን ኤጅኒክስን ወይም ሶፕስ-ኒክስን ተጠቀሚ።

ጥያቄ፦ ሩቅ ያለው ሰርቨር ቢበላሽብህስ?

መልስ፦ ደርሶብኛል። ፋየርዎሉን ሳስተካክል የኤስኤስኤችን ፖርት (መግቢያ በሩን) ዘጋሁት። የቀድሞው ሲስተም ሲነሣ በሚመጣው ዝርዝር ላይ ቁጭ ብሏል፤ ግን ከፊቱ ቆሞ የሚመርጠው ሰው የለም። ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ለሩቁ ‹ስዊች› (በቋሚነት ቀይር) አልልም፤ መጀመሪያ ‹ቴስት› ነው። አዲሱ ሲስተም ወዲያው ይሠራል፣ ሪቡት ከተደረገ ግን የሚነሣው የድሮው ነው። ከመነካካቴ በፊት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ራሱን ሪቡት እንዲያደርግ አዘዋለሁ፤ ተመልሼ መግባት ከቻልኩ እሰርዘዋለሁ። ካልቻልኩ ቡና አፍልቼ እጠብቃለሁ።