ድመቷን ከወደድሽ አይጧን ቁጠሪ

ልጄ፣ ከመሐል ሜዳ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነሽ፤ በቴሌቪዥን ያየሻት የስፔኗ ሊንክስ የተባለች የዱር ድመት ልብሽን ወስዳዋለች፤ ታላቅ ወንድምሽ ግን «ድመት ልትጠብቂ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሽው? አካውንቲንግ ይሻልሻል» ይልሻል። ወንድምሽ ግማሽ እውነት አለው። በዚህ ሙያ የሚወጣው የሥራ ማስታወቂያ ጥቂት ነው፤ ከዚያም ብዙው ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የሚያልቅ ኮንትራት ነው። አውቀሽ ግቢበት።

ስለ ሊንክሷ ግን ፊልሙ ያጓደለብሽ ነገር አለ። በአውሮፓውያኑ 2002 ገደማ የቀሩት ከ100 ያነሱ ነበሩ። በ2024 ቁጥራቸው ከ2,000 ማለፉ ተነገረ፤ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም የአደጋ ደረጃዋን ዝቅ አደረገላት። ካሜራው የሚወደው ድመቷ ወደ ዱር ስትለቀቅ ከሳጥን ወጥታ ስትሮጥ ነው። ያዳናት ግን በአመዛኙ የጥንቸል ሥራ ነው። ይህች ድመት ከጥንቸል ሌላ እምብዛም አትበላም፤ በቀን አንድ ያህል ትፈልጋለች፣ ልጆች ስታሳድግ ደግሞ ሦስት ገደማ። በ1950ዎቹ ሚክሶማቶሲስ የተባለው በሽታ፣ ኋላም ሌላ ቫይረስ ጥንቸሉን ሲፈጀው ድመቷም አብራ ወደቀች። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ጥንቸል አራቡ፣ ከባለ መሬቶችና ከአዳኞች ጋር ተቀምጠው ተዋዋሉ። ይህ በፊልም አያምርም፤ ደመወዝ የሚከፈልበት ግን ይኸው ነው።

አንቺ ደግሞ ስፔን ሳትሄጂ ይህን የምትማሪበት ቦታ ደጃፍሽ ላይ አለ። ጓሳ! የመንዝ የደጋ ሣር ምድር፣ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ። ቀይ ቀበሮ ድመት አይደለም፣ የውሻ ወገን ነው፤ የኑሮው ስሌት ግን ከሊንክሷ ጋር አንድ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሶች 500 አይሞሉም። የሚበላው አይጥና ፍልፈል ነው፤ አይጧ የምትደበቀው በጓሳው ሣር ውስጥ ነው፤ ሣሩን ደግሞ የመንዝ ሰው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይፈልገዋል። አያቶችሽ ቄሮ በሚባለው የመንዝ ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግተው በጋራ ውሳኔ ሲከፍቱ የኖሩት ስለ ቀበሮው ብለው አልነበረም፤ ቀበሮው ግን ተረፈበት። ድመት ካማረሽም አነር እዚያው አለልሽ፣ እርሱም አይጥ አዳኝ ነው።

የመመረቂያ ጥናትሽን እንግዲህ በአይጥ ላይ አድርጊው፤ በተዘጋ ሣርና ከብት በሚግጠው መሬት ያለውን ቁጥር አነጻጽሪ። ስታቲስቲክስ ጠንክረሽ ተማሪ፤ ብዙ ተመራቂ የሚወድቀው እዚያ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ የወንዶ ገነትን የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ አስቢ። ሽማግሌ ስታነጋግሪ መሮጥ የለም፤ ቡናው እስኪፈላ ተቀመጪ። አንቺ የመንዝ ልጅ መሆንሽ ከውጭ የመጣ ዶክተር የማያገኘው ሀብት ነው።

ከትምህርት ክፍልሽ የትብብር ደብዳቤ አጽፈሽ ክረምቱ ሳይገባ ወደ ጓሳ ጥበቃ ቢሮ ሂጂ። ወንድምሽንም አታኩርፊው። የገንዘብ ድጋፍ ለመጠየቅ የበጀት ሠንጠረዥ ያስፈልግሻልና፣ የሚያስተምርሽ እርሱ ነው።