የልጅ ሳይክል ፍሪዊል አልፈታ ሲል

ወንድሜ፣ የልጅህ ባለ 16 ኢንች ሳይክል ፍሪዊል (ካቴናው የሚያርፍበት የኋላ ጎማው ባለ ጥርስ ክፍል) በመሮና በመዶሻ ቢመታም ዝም ብሎ ወደ ኋላ ከመዞር በቀር ንቅንቅ አላለም ብለሃል። በል ጥርሱን መምታቱን አሁኑኑ አቁም። ፍሪዊል ወደ ኋላ በነፃ እንዲዞር ነው የተሠራው፤ የሚፈታውም በዚያው አቅጣጫ ነው፣ ወደ ግራ። ስለዚህ ጥርሱን ስትመታ ጉልበቱ ፊሌቶው (ፍሪዊሉ ጎማው ላይ የታሰረበት ጥምዝ) ጋ አይደርስም። መያዝ ያለበት የማይዞረው የውስጡ ክፍል ነው። ልጁ በረገጠ ቁጥር ደግሞ ፊሌቶው እየጠበቀ ስለሚሄድ፣ መክበዱ አይግረምህ።

ከዚያ በፊት ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ ፍሬን የሚይዝ መሆን አለመሆኑን እይ። የሚይዝ ከሆነ ያ ፍሪዊል አይደለም፤ ጥርሱ የታሰረው በአንዲት አፏ ክፍት በሆነች የብረት ቀለበት ነው፣ እሷን በካቻቢቴ ፈልቅቀህ ታወጣታለህ።

ልትፈታው የፈለግኸው ፔዳሉ ባዶውን እየዞረ አልነዳ ስላለ ብቻ ከሆነም ቆይ። በጅማ ክረምት ውሃውና ቀይ ጭቃው ገብቶ ከአሮጌ ግሪስ ጋር ሲደርቅ ወደ ፊት ሲረገጥ ጥርሱን ከጎማው ጋር የሚያያይዙት ውስጥ ያሉት ትናንሽ ምላሶች ተጣብቀው ይቀራሉ። ጎማውን አጋድመህ፣ በሚዞረውና በማይዞረው መካከል ባለችው ቀጭን ክፍተት ነጭ ጋዝ እያንጠባጠብክ ጥርሱን ወደ ኋላ አዙር። ከሥር የሚወጣው ጥቁር ፈሳሽ ሲጠራ ቀጭን ዘይት ጨምር። ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ ከተመለሰና ምላሱ ከያዘ መፍታት አያስፈልግም።

መፈታቱ ግድ ከሆነ ፊቱን ተመልከት። በአክስሉ ዙሪያ ሁለት ወይም አራት ጎድጓዳ ቦታዎች ካሉ ለእነሱ የሚገጥም መፍቻ አለ። የፍሪዊል ፊሌቶ ሁለት ዓይነት ነው፦ የተለመደው 34.8 ሚሊሜትር ገደማ፣ በጣም ትንንሾቹ ላይ ያለው ደግሞ 30 ሚሊሜትር። የሁለቱ መፍቻም ይለያያል፤ ስለዚህ መርካቶ ስትወጣ ጎማውን ራሱን ይዘህ ሂድ።

ማታውን በሞዞውና (ራጂዎቹ የሚሰኩበት የጎማው መሃል) በፍሪዊሉ መጋጠሚያ፣ ከጀርባ በኩል፣ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ወይም ናፍጣ አንጠባጥብበትና ይደር። እሳት የሚያስጠጉ ሰዎች አሉ፤ ሞዞው አሉሚኒየም ከሆነ አታድርገው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ይበልጥ ስለሚሰፋ፣ ከውስጥ ያለው ሞዞ ፍሪዊሉን ይባስ ያጠብቀዋል።

በማግስቱ የአክስሉን ዳዶና ራንዴላ አውጣ (ብዙውን ጊዜ 15 ቁልፍ ነው)፣ መፍቻውን ጎድጓዳዎቹ ላይ በደንብ አስቀምጥ፣ ከዚያ ዳዶውን መልሰህ መፍቻው እንዳይዘል በእጅ አጥብቀው። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ርካሽ ፍሪዊል ላይ ጎድጓዳው ጥልቀት ስለሌለው መፍቻው አንዴ ከዘለለ ጠርዙን በልቶት ይሄዳል። የውስጠኛው ዳዶ መፍቻውን አላስገባ ካለ አክስሉን አውጥተህ በምትኩ ረጅም ባለ 10 ቡሎን በሞዞው አሳልፈህ በራንዴላና በዳዶ እሰረው።

የትልቅ ሳይክል ጎማ ቢሆን መፍቻውን ሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር የብረት መያዣ) ላይ አስሮ ጎማውን እንደ መሪ ወደ ግራ ማዞር ይበቃ ነበር። የልጅ ጎማ ግን ትንሽ ስለሆነ ለእጅ የሚሰጠው ጉልበት አነስተኛ ነው። ሞርሳ ካለ (የብረት በር የሚበይዱ ጋ አይጠፋም) ጎማው ሙሉ አየር ይኑረው፣ ለሁለት ያዙትና በአንድ ጊዜ ግፉ። ከሌለ ጎማውን መሬት ላይ አቁመህ፣ ፍሪዊሉ ወደ አንተ ዞሮ፣ በግራ በኩል እንዳይሽከረከር በድንጋይ ደግፈው። መፍቻው ላይ ቁልፍ አግባ፣ እጀታው ወደ ግራ ይሁን፣ አንድ ሜትር የሚሆን ቱቦ ሰክተህ ወደ ታች ተጫን።

ልክ ቀጭ ብሎ ሲላቀቅ አቁም! ፍሪዊሉ እየተፈታ ሲወጣ መፍቻውን ዳዶው ላይ ስለሚገፋው፣ ሳታላላ ከቀጠልክ የአክስሉ ፊሌቶ ይላጣል። ዳዶውን ሁለት ሦስት ዙር እያላላህ ቀጥል።

ጎድጓዳው ተበልቶ ካለቀ የቀረው ማፍረስ ነው። ፊቱ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ያለው ክዳን የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው፣ ግራ ፊሌቶ ስለሆነ። ቀዳዳው ላይ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ብረት አስደግፈህ በመዶሻ ወደ ቀኝ ምታው። ሳህን ከሥር አድርግ፤ 3 ሚሊሜትር ገደማ የሆኑ ብዙ ኳሶች ይበተናሉ። ጥርሱ ተነስቶ የሚቀረውን የውስጥ አካል በሞርሳ ወይም በጅራቱቦ (የቧንቧ መፍቻ) ጠፍረህ ጎማውን ወደ ግራ አዙር። በግራይንደር መቁረጥ የመጨረሻው ነው፣ መነጽር አድርግ፣ ዲስኩም የሞዞውን ፊሌቶ እንዳይነካ።

አዲሱን ስትገዛ የጥርሱ ቁጥር ከድሮው ጋር እኩል ይሁን፤ ከተለየ የካቴናው ርዝመት ይዛባል። ፊሌቶውን በቡሩሽ ጠርገህ ግሪስ ቀባውና በእጅ ብቻ አስገባ፤ ከሁለት ዙር በፊት ከከበደ ጠሞ ስለገባ ነው፣ አውጥተህ እንደገና ጀምር። በመፍቻ ማጥበቅ አያስፈልግም፣ ልጁ እየረገጠ ያጠብቀዋል።