ግዕዝ ይዛችሁ በመካከለኛው ዘመንና በሬኔሳንስ ጥናት ቦታ ለምትፈልጉ

በውጭ አገር የምትኖሩ፣ ግዕዝ የተማራችሁ ወይም በኢትዮጵያ የመካከለኛ ዘመን ታሪክ ዶክትሬት የሠራችሁ ወገኖች ብዙ ዕድል የሚያመልጣችሁ ማስታወቂያው ላይ «ኢትዮጵያ» የሚል ቃል ስለምትጠብቁ ነው። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ከስንት አንዴ ነው የሚወጣው። «የመካከለኛው ዘመን ሜዲትራኒያን»፣ «የምሥራቅ ክርስትና»፣ «ግሎባል ሚድል ኤጅስ»፣ «ሬኔሳንስ ጣሊያንና ዓለም» የሚሉት ግን ብዙ ናቸው፤ በሁሉም ውስጥ የግዕዝ ሰው ቦታ አለው። ቦታውን የሚያጣው ማመልከቻውን ለሐበሻ አንባቢ ጽፎ ላቲን ለሚያስተምር ሰው ሲልከው ነው።

መጀመሪያ ርእሳችሁን ከተቋሙ ጋር አጋጥሙ። ፍሎረንስ ያለው የሃርቫርድ ቪላ ኢ ታቲ የጣሊያን ሬኔሳንስ ጥናት ቤት ስለሆነ ብዙዎቻችሁ ዘልላችሁት ታልፋላችሁ። ነገር ግን በ1402 የዓፄ ዳዊት መልእክተኞች ቬኒስ ገብተዋል። በ1441 ከኢየሩሳሌም የሄዱ መነኮሳታችን በፍሎረንሱ ጉባኤ ቆመዋል። በ1513 መዝሙረ ዳዊት ሮም ላይ በግዕዝ ታትሟል፤ በ1548 እና በ1549 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ካለው የሐበሾች ገዳም ሆነው ሐዲስ ኪዳንን አሳትመዋል (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከእነዚህ አንዱን በደንብ የያዘ ፕሮፖዛል እዚያ ቤት እንግዳ አይሆንም። ስለ አክሱም፣ ስለ ዓፄ ካሌብ የሒምያር ዘመቻ ወይም ከግሪክ ስለተተረጎሙ የግዕዝ መጻሕፍት የምትሠሩ፣ ዋሽንግተን ያለውን የቢዛንታይን ጥናት ማዕከል ደምባርተን ኦክስን ተመልከቱ። የጽሑፍ ንጽጽርና እርማት የምትሠሩ የቶሮንቶውን የመካከለኛው ዘመን ጥናት ጳጳሳዊ ተቋም ሞክሩ። ሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለአሥርተ ዓመታት ብራናዎቻችንን በካታሎግ ያስገቡበት ነው፤ ለአጭር ቆይታ የሚሰጠው ድጎማ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ለጀማሪ ሲቪ ትልቅ ነው። ሃምቡርግ ባለው የሂዮብ ሉዶልፍ ማዕከል ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በፕሮጀክት የታሰረ የጊዜ ኮንትራት ነው።

ብቁነትን በሚመለከት ሰው ከንቱ የሚደክምባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ። የአሜሪካን አካዳሚ የሮም ሽልማት በመሠረቱ ለአሜሪካ ዜጎች ነው። የእንግሊዙ ሌቨርሂውም የጀማሪ ተመራማሪ ፌሎሺፕ የእንግሊዝ ዲግሪ ወይም እዚያ አገር የያዛችሁት የዩኒቨርሲቲ ሥራ ይጠይቃል፤ ዶክትሬቱን ካገኛችሁም ከ4 ዓመት በላይ ማለፍ የለበትም። በተጨማሪም እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ከዋናው ቀን በፊት የራሱን የውስጥ ማጣሪያ ስለሚያደርግ እውነተኛው ዴድላይን ከወራት በፊት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኪዩሪ ፌሎሺፕ ዜግነት አይጠይቅም፤ ነገር ግን ከማመልከቻው ቀን በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ በኖራችሁበት አገር ማመልከት አትችሉም። ጀርመን የምትኖሩ ለሃምቡርግ ሳይሆን ለኔፕልስ ወይም ለፓሪስ አመልክቱ።

አመልካቾችን በር ላይ የሚጥል ሌላው ነገር የዘመን አቆጣጠር ነው። እዚህ ኢትዮጵያ በሐምሌ 2014 የተመረቀ ሰው ዶክትሬቱን ያገኘው በጁላይ 2022 ነው። ፎርሙ ላይ «2014» ብሎ የጻፈ የሌቨርሂውምን የ4 ዓመትም፣ የማሪ ኪዩሪን ከዶክትሬት በኋላ የ8 ዓመትም ገደብ በገዛ እጁ አለፈ ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩ ይጥለዋል፣ ፕሮፖዛሉንም የሚያነብ አይኖርም። ዲግሪው ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ከሌለ ከሬጅስትራር በፈረንጅ ቀን የተጻፈ ማረጋገጫ አስጽፉ።

የስም ጉዳይም ከዚሁ አይለይም። ፓስፖርት ላይ፣ ዲግሪ ላይና በታተመ ጽሑፍ ላይ ስማችሁ በሦስት ዓይነት የላቲን ፊደል ከተጻፈ መራጩ ሦስት ሰው ያያል። አንዱን ምረጡና የኦርኪድ (ORCID፣ የተመራማሪ መለያ) ቁጥር አውጥታችሁ ሁሉንም እዚያ ሰብስቡ። በእኛ ጥናት ዘርፍ ሰው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም እንደማይጠቀስም ሲቪው ግርጌ በአንድ መስመር ጻፉ።

የአብነት ትምህርት ያላችሁ ይህን ክፍል አጥብቃችሁ ያዙ። ሲቪው ላይ «የቤተ ክህነት ትምህርት» ብሎ በአንድ መስመር ማለፍ ከሁሉ የከፋ ብክነት ነው፤ መራጩ ቅኔ ቤትን ስለማያውቀው የሰንበት ትምህርት ቤት ይመስለዋል። እንደማንኛውም ዲግሪ ጻፉት። ጉባኤ ቤቱ የት እንደነበረ፣ መምህሩ ማን እንደነበሩ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደተማራችሁና ምን እንደዘለቃችሁ ይታይ። ቅኔ የቆጠረ ሰው «ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ በግዕዝ አዲስ ግጥም በቃል መድረስ» ብሎ ቢያብራራ፣ የላቲን ፕሮፌሰሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ወዲያው ይረዳዋል። ብሉይ ወይም ሐዲስ የሄደ ሰው ደግሞ አንድምታን ከአውሮፓ የመጽሐፍ ቅዱስ ሐተታ ባህል ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ያገናኝ። ማስረጃ ሲጠየቅ የመምህሩ ደብዳቤ የደብሩ ወይም የሀገረ ስብከቱ ማኅተም አርፎበት፣ በሕጋዊ ተርጓሚ ተተርጉሞ ይቅረብ።

ግዕዝ ብቻውን ግን አይበቃም። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን በኋላ የተተረጎመው የብዙው መጽሐፋችን ምንጭ ዓረብኛ ስለሆነ «ዓረብኛ ታነባለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ለመካከለኛው ዘመን ዲፓርትመንት ደግሞ ላቲን የቤቱ ቋንቋ ነው። ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ባለ ሁለት ደረጃ የመካከለኛው ዘመን ላቲን ፈተና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ዘንድ ክብደት አለው፤ የመጀመሪያውን ደረጃ እንኳ ያለፈ ሰው ጥርጣሬውን ያነሳል። ችሎታችሁን ሳትጨምሩ ጻፉ፤ በቃለ መጠይቅ ላይ ገጽ ዘርግተው የሚያስነብቡ አሉ።

ወደ ፕሮፖዛሉ እንሂድ። የሐበሻ ፕሮፖዛል ብዙ ጊዜ የሚወድቀው የመጀመሪያውን ገጽ ስለ ኢትዮጵያ ጥንታዊነት በማውራት ስለሚጨርሰው ነው። አገሩ የሚያኮራ መሆኑ እውነት ነው፤ ኮሚቴው የሚፈልገው ግን ጥያቄ፣ ጽሑፍና ብራና ነው፤ ሦስቱም በመጀመሪያው አንቀጽ ይግቡ። ለምሳሌ፦ «ተአምረ ማርያም በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከምዕራብ አውሮፓ ተነሥቶ፣ በዓረብኛ በኩል በዓፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግዕዝ ገባ። ተርጓሚዎቹ ከዓረብኛው ምን ተዉ? ከአገራቸው ምን ጨመሩ? እነዚህን ቅጂዎች በማነጻጸር እመልሳለሁ» ብሎ የቅጂዎቹን ቁጥር መዘርዘር። ይህን ያነበበ የፈረንሳይ ታሪክ ምሁር የራሱ ታሪክ ቅጥያ መሆኑን ያያል፤ ገጹንም ይገልጣል።

ቁጥር መጻፍ ቀላል ይመስላል፣ ግን ፋይሉን ያነሣል። «የሐይቁ ጥንታዊ ወንጌል» ብቻ ከማለት «የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል፣ ኢኤምኤምኤል 1832» ማለት ብራናውን በቁሙ እንደምታውቁት ያሳያል። ኢኤምኤምኤል በሚባለው፣ በ1973 በፈረንጅ በጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ የተነሡት ብራናዎች ብዙዎቹ በሂል ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነፃ ምዝገባ ይነበባሉ፤ የፓሪሱ የአባዲ ስብስብ በጋሊካ፣ የቫቲካኑም በራሱ ገጽ ላይ ይገኛሉ። በኦክቶበር 2023 የብሪቲሽ ላይብረሪ ድረ ገጽ በሳይበር ጥቃት ሲወድቅ የመቅደላ ብራናዎችን በኢንተርኔት ብቻ ሲያነቡ የነበሩ ሥራቸው ተቋርጧል። ስለዚህ ምስሉ በእጃችሁ ያለውንና የሌለውን በፕሮፖዛሉ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ምስሉ የሌለው ብራና ላይ ኮሚቴው የሚጠይቀው «ፈቃድ ታገኛለህ ወይ?» ብሎ ነው። የዚህ መልስ አዲስ አበባ መሐል፣ በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ መካከል ነው የሚዘጋጀው። ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ሳምንታት ይባክናሉ። ከዩኒቨርሲቲያችሁ በማኅተም የተጻፈ ደብዳቤ ይዛችሁ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ግቡ፤ እዚያ የተባባሪ ተመራማሪነት ደብዳቤ ጠይቁ። በእርሱ ወደ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ወዳለው የቅርስ ባለሥልጣን ለምርምር ፈቃድ ትሄዳላችሁ። ብራናው በቤተ ክርስቲያን ከሆነ አራት ኪሎ ጠቅላይ ቤተ ክህነት ለሀገረ ስብከቱ ይጽፋል፤ ሀገረ ስብከቱ ለወረዳው፣ ወረዳው ለደብሩ። ከታች መጀመር አያዋጣም፤ አስተዳዳሪው ቢወዷችሁም ከላይ ደብዳቤ ካልመጣ ዕቃ ቤቱን አይከፍቱም፣ ልክም ናቸው። ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ቢሮ ዝግ ነው። ቢጫ ካርድ የቪዛን ጣጣ ያቃልላል እንጂ ከእነዚህ ደብዳቤዎች አንዱንም አይተካም።

በጀቱ ውስጥ ለደብሩ የሚቀር ዲጂታል ቅጂ ይግባ። ፎቶው ቀለም መለኪያና ማስመሪያ ይኑረው፣ ባዶ ቅጠሎችና ገበታውም (ሽፋኑም) አይዘለሉ። ብራና ገዝቶ ወይም በስጦታ ተቀብሎ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፤ «በእጄ ባለ ብራና» ብሎ የሚጽፍ ተመራማሪ ደግሞ ስሙን ያበላሻል።

በአውሮፓ ቢያንስ 5 ዓመት በተከታታይ በሕጋዊ መንገድ የኖራችሁ ወይም ዜግነት ያገኛችሁ፣ የማሪ ኪዩሪን ግሎባል የተባለውን ዘርፍ ተመልከቱ። ከ1 እስከ 2 ዓመት ከአውሮፓ ውጭ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ 1 ዓመት ተመልሳችሁ አውሮፓ ትሠራላችሁ። የውጪው አስተናጋጅ ተቋም የተፈረመበት የቃል ኪዳን ደብዳቤ ከሌለ ግን ማመልከቻው ሳይነበብ ይወድቃል። ማመልከቻው የሚዘጋው በሴፕቴምበር፣ ብዙ ጊዜ በእኛ ጳጉሜንና ዕንቁጣጣሽ አካባቢ ነው፤ ያኔ እዚህ ፈራሚ ማግኘት ጭንቅ ነው። ደብዳቤው ከሐምሌ በፊት በእጃችሁ ይግባ። የደምባርተን ኦክስ ኖቬምበር 1፣ በእኛ ጥቅምት 22 አካባቢ ስለሚውል ይሻላል።

ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የምትፈልጉ፣ እጃችሁ ያለው የተማሪ ቅጂ ተቀባይነት የለውም፤ ታሽጎ በቀጥታ ከሬጅስትራር መላክ አለበት። ሰው የምትወክሉ ከሆነ ውክልናው በኤምባሲ ተሰጥቶ፣ ውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ መመዝገብ አለበት።

ከሦስቱ የድጋፍ ደብዳቤዎች ቢያንስ አንዱ ስለ ኢትዮጵያ ከማይሠራ የመካከለኛው ዘመን ምሁር ይምጣ። ሦስቱም የኢትዮጵያ ጥናት ሰዎች ከሆኑ ኮሚቴው የሚመዝንበት ያጣል። እዚህ ላሉ መምህራን የሚላከው ሊንክ ስፓም ውስጥ ስለሚቀር በላካችሁ ዕለት ደውሉ፤ ጊዜውም ከአንድ ወር አይነስ።

የማስተማር ቦታ የተለየ ጨዋታ ነው። በሰሜን አሜሪካ ቋሚ ቦታ የሚወጣው በአብዛኛው ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ነው፤ የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ በዙም ይሆንና የተመረጡት በፈረንጆቹ የበረዶ ወቅት መጨረሻ ግቢው ድረስ ይጠራሉ። እዚያ የሚታየው ምርምራችሁ ብቻ ሳይሆን ከ500 እስከ 1500 ያለውን አጠቃላይ ኮርስ መሸከም መቻላችሁ ነው። የ14 ሳምንት «ሲለበስ» (የኮርስ ዕቅድ) አዘጋጁ፤ ኢትዮጵያ በሁለት ሳምንት ትግባ፣ ሌላው ስለ ሻርለማኝ፣ ስለ ባግዳድ፣ ስለ ጥቁሩ ሞት ይሁን። አሥሩን ሳምንት አክሱምና ላሊበላ ያደረገ ሰው ኮርሱን ማስተማር አይችልም ተብሎ ይታለፋል። ሁለተኛ ሲለበስ ለከፍተኛ ተማሪዎች የግዕዝ ንባብ ይሁን፤ እዚያ ላይ በልባችሁ አስተምሩ። በእንግሊዝ ማስታወቂያው ላይ የተዘረዘረውን እያንዳንዱን መስፈርት በተራ መመለስ ግዴታ ነው፤ አንዱ ከተዘለለ ነጥቡ ዜሮ ነው። በኮርስ የሚከፈል የትርፍ ሰዓት ሥራ ደግሞ ለልምድ አንድ ሁለት ጊዜ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ጽሑፍ የምታሳትሙበትን ጊዜ ይበላል።

ቦታው ሲገኝ፣ ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ሳይኖራችሁ ወደ አሜሪካ የምትሄዱ ከመፈረማችሁ በፊት ስለ ጄ-1 (የልውውጥ ጎብኚ) ቪዛው ዓይነት ጠይቁ። ለአንድ ሴሚስተር በ«ሪሰርች ስኮላር» ገብቶ የወጣ ሰው በዚያው ዓይነት ለመመለስ 24 ወር መጠበቅ አለበት፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚያገኘው ትልቁ ፌሎሺፕ ሊያመልጠው ይችላል። እስከ 6 ወር ለሆነ ቆይታ «ሾርት ተርም ስኮላር» የሚባለው ይህ እገዳ የለበትም፤ ዩኒቨርሲቲው የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ቢሮ ወረቀቱን ከማውጣቱ በፊት በኢሜይል ጠይቃችሁ እንዲህ አስደርጉት።