መብራት የማይጠፋበት ግቢ

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ አራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር 60 እንቁላል የሚይዝ የጫጩት መፈልፈያ ማሽን ሠርተናል። ባለፈው ሙከራ 49 ጫጩት ወጣልን። የዩኒቨርሲቲያችን የኢንኩቤሽን ማዕከል (ጀማሪ ሥራ ፈጣሪዎችን የሚደግፈው) ተቀብሎን ክፍል፣ ዋይፋይ፣ 24 ሰዓት መብራትና አማካሪ መምህር ሰጥቶናል። ሁለት ውድድር ላይ ቀርበን አንዱን አሸንፈናል። ግን ዘጠኝ ወር ሞላን፤ አንድም ማሽን አልሸጥንም። አሁን ደግሞ ለሁለተኛ ዓመት ለመቀጠል ውል ፈርሙ ተባልን። ከምናቋቁመው ድርጅት አሥር በመቶው የማዕከሉ እንደሚሆን ውሉ ላይ ተጽፏል። አንዱ ጓደኛዬ «እንውጣ» ይላል። ሌላው «ወጥተን የት ልንገባ ነው?» ይላል። እርስዎ ምን ይሉናል?
ጫጩቱ ነኝ፣ ከአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ

መልስ፦ ጫጩቱ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ «እትዬ» የምትለዋን ተዋት። ገና ሠላሳ ስድስቴ ነው።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ ዓይኔ ያረፈው «24 ሰዓት መብራት» የምትለዋ ላይ ነው። አንተ ከጥቅሞቹ ጋር ቆጥረህ ጻፍካት። እኔ ግን የነገሩ ቋጠሮ እሷ ትመስለኛለች።

ማሽንህን የሚገዛው ሰው ቤት መብራት ይጠፋል። ማታ ጠፍቶ ጠዋት የሚመጣበት ቀን አለ። ኃይሉ ወርዶ አምፖሉ እንደ ኩራዝ የሚሆንበትም አለ። እንቁላል ደግሞ ይህን አይታገስም። 21 ቀን ሙሉ 37.5 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፤ እርጥበት ይፈልጋል፤ በቀን ደጋግሞ መገላበጥ ይፈልጋል። ግቢ ውስጥ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ይነሳል፤ እናንተም ዶርም ውስጥ ተኝታችሁ አትሰሙም። ስለዚህ እነዚያን 49 ጫጩቶች ያወጣው ማሽኑ ብቻ አይደለም። ጄኔሬተሩም አብሮ ፈልፍሏል።

እንዲህ የምልህ ራሴን ስለሸወድኩ ነው። የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ እኔም ግቢ ውስጥ እንደናንተ ዓይነት ክፍል ነበረችኝ። ሥራዬ መብራት የሚቆጥብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነበር። የተለመደው ምጣድ ስፋቱ ስልሳ ሳንቲሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ዋት አካባቢ ይበላል። የኔዋ 46 ሳንቲሜትር ነበረች፤ በሁለት ሺህ ዋት ትሠራለች። ዳኞቹ ወደዷት። የፍጆታውን ግራፍ ሳሳይ ያጨበጭቡልኛል። በአሥራ አራት ወር ሦስት ሰርተፊኬት ሰበሰብኩ። ዳኞቹ መካከል እንጀራ ጋግሮ የሚያውቅ ሰው ስለመኖሩ አሁንም እጠራጠራለሁ።

አንድ ቅዳሜ ምጣዷን በባጃጅ ጭኜ እንጀራ ጋግረው ለሆቴል ወደሚያስረክቡ እናት ቤት ሄድኩ። ሴትየዋ ብዙም አልተናገሩም። ጎመን ዘር ጣል አድርገው አሰሷት፣ ሊጡን አዞሩ፣ አክንባሎውን ደፉ። የመጀመሪያው እንጀራ ቆንጆ ወጣ። ሁለተኛውም ደህና ነው። ሦስተኛው ላይ ዓይኑ ጠፋ። አራተኛው ጭራሽ ሊጥ ሊጥ አለ። ምጣዷ ሙቀቷን መልሳ እስክታገኝ ቆመው መጠበቅ ነበረባቸው። እሳቸው ደግሞ በቀን ከመቶ በላይ ይጋግራሉ። አራተኛውን በሰፌድ አንስተው አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ ይቺ ለድፎ ትሆንሻለች» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ደግሞ ጠባብ ናት። ሆቴሉ እንጀራዬን በስፋቱ ነው የሚያውቀው።»

ይህ ሁሉ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። አሥራ አራት ወር ሙሉ ማንም ያልነገረኝን ነው የነገሩኝ። ሴትየዋ ቤት ለመድረስ ከግቢው በር በእግር ብሄድ ሩብ ሰዓት ነበር።

ስለ ማዕከላችሁ ሰዎች ክፉ እያወራሁ አይደለም። የኔዎቹም ደጎች ነበሩ። ግን ማዕከል የራሱ ሥራ አለው። ለበላይ ሪፖርት ያደርጋል። ሪፖርቱ ላይ ስንት ቡድን ተቀበልን፣ ስንት ሥልጠና ሰጠን፣ ስንቱ ተወዳድሮ አሸነፈ የሚል ይጻፋል። አንተም ሳታውቀው ለዚያ ሪፖርት ትሠራለህ። ስላይድ ታሳምራለህ፤ የአምስት ደቂቃ ንግግር ትሸመድዳለህ። ዳኛ ማስደሰት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ዶሮ አርቢ ማስደሰት ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። ጊዜህን የበላው የትኛው እንደሆነ ለራስህ ታውቀዋለህ።

ካላንደሩም አይገጥምም። ግቢ በሴሚስተር ነው የሚኖረው፤ ዶሮ በበዓል። ለፋሲካ ዶሮ ሊሸጥ ያሰበ ሰው ጫጩቱን ከወራት በፊት ማስፈልፈል አለበት። ያ ጊዜ ፈተና ላይ ቢወድቅ ገበያው አይጠብቅህም። ክረምት ላይ ግቢው ሲበተን፣ የክፍሏም ቁልፍ ጥበቃው ጋ ሲገባ፣ የእንቁጣጣሽ ገበያተኛ መንገድ ላይ ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀንስ? የእንቁላል ፈላጊ ሲቀንስ አንዳንዱ አርቢ «ከምሸጠው ላስፈልፍለው» ሊል ይችላል። ይህ የኔ ግምት ነው። ግን ከመምህርህ ይልቅ አንድ አርቢ ቶሎ ይመልስልሃል።

አሁን ወደ ዋናው። ገዢህ ማን ነው? ደብዳቤህ ውስጥ ፈለግኩት፤ የለም።

የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሃ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየጓሮው ዶሮ የሚሞክር ሰው በዝቷል። ግን ብዙው ጫጩት አያስፈልፍልም። የ45 ቀን ዶሮ ገዝቶ ነው የሚጀምረው። ጫጩት አስፈልፋዩ ድርጅት ኢትዮ ቺክን እንዴት እንደሚሠራ አይተህ ከሆነ፣ የአንድ ቀን ጫጩት ለወኪሎቹ ያስረክባል። ወኪሎቹ ክትባቱን ሰጥተው፣ አሳድገው፣ ለገበሬው ይሸጣሉ። ያን አድጎ የሚመጣ፣ ሳሶ የሚባል ዝርያ ዶሮ የለመደ ሰው ያንተን ሳጥን ምን ሊያደርገው ነው? እዚህ ላይ «ማሽናችን ርካሽ ነው» ማለት ብቻ አያወጣህም።

ሌላም አለ። ገበያ የሚገዛ የፈረንጅ እንቁላል አብዛኛው አውራ ከሌለበት እርባታ የመጣ ነው። አይፈለፈልም። ገዢህ ይህን ሳያውቅ 60 እንቁላል ደርድሮ 21 ቀን ጠብቆ ባዶ ቢያገኝ የሚረግመው ዶሮዋን አይደለም፤ አንተን ነው። ስለዚህ ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚሸጥ እውቀት አለ። ምናልባትም ዘር ያለው እንቁላል ማቅረብ ራሱ ከማሽኑ የተሻለ ንግድ ሊሆን ይችላል። ወይም ማሽኑን ከመሸጥ ይልቅ ሰው እንቁላሉን አምጥቶ በፍሬ እየከፈለ የሚያስፈልፍልበት ቤት መክፈት። የሐበሻ ዶሮ ያላት እናት እንቁላሏን ታመጣለች፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ጫጩቷን ትወስዳለች። ወፍጮ ቤት እንደምንሄደው ማለት ነው። እህላችንን ለማስፈጨት ወፍጮ አንገዛም።

የትኛው እንደሚያዋጣ እኔ አላውቅልህም። የሚያውቁት አርቢዎቹ ናቸው። ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄደህ የእንስሳት ባለሙያውን ጠይቅ። በየትኛው ቀበሌ ማን ዶሮ እንደሚያረባ በስም ይነግርሃል። አሥር ቤት አንኳኳ። ማሽኑን ይዘህ አትሂድ፤ ደብተር ይዘህ ሂድ። ባለፈው ወር መብራት ስንት ጊዜ ጠፋ? ጫጩት ከየት ነው የምታመጡት? ስንት ሞተባችሁ? ሰው ስለ ሞተበት ዶሮ ሲጠየቅ ብዙ ያወራል፤ አታቋርጥ።

«ጎበዝ፣ በርቱ» የሚልህን አትመነው። ለዚህ ቀላል መመዘኛ አለ፤ ቀብድ። «ማሽኑን በወር አስረክብዎታለሁ፤ ሁለት ሺህ ብር ቀብድ ይስጡኝ» በል። ቴሌብር አውጥቶ የላከልህ ደንበኛህ ነው። «እስቲ አስብበታለሁ» ያለህ ወዳጅህ ነው፤ ወዳጅም ክፉ አይደለም። ሦስት ሰው ቀብድ ከከፈለ የማዕከሉ ሽልማት አያሳስብህም፤ ዕቃ መግዣ አገኘህ። ካልሞላም እቁብ አለ። የኔ ወርክሾፕ የመጀመሪያው የብየዳ ማሽን በእቁብ ነው የተገዛው፤ ዕጣው በስድስተኛው ሳምንት ወጣልኝ።

ሥራውን ራሱ ከግቢ ላብራቶሪ ውጭ ሞክረው። ከተማችሁ ውስጥ ቆርቆሮ ሠራተኛ፣ አናጺ አለ። አዲስ አበባ ከመጣህ ደግሞ መርካቶ ምናለሽ ተራ አንድ ቀን ዋል። የዘይት ጣሳው ምድጃ ሲሆን፣ የበርሜሉ ብረት ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ሲሆን ታያለህ። እኔ የምጣዴን ክዳን በሦስት ዓይነት ሶፍትዌር ስዬ ነበር። እዚያ አንድ ሽማግሌ በመዶሻና በመቀስ ከሰዓት በፊት ጨርሰው ሰጡኝ። ዋጋውም የኔ በጀት ላይ ከጻፍኩት ግማሹን አይሞላም። ያንተን ሳጥን እንዲህ ያለ ሰው ቢያየው «ግድግዳውን ድርብ አድርገህ መሃሉን ሙላው፤ ሙቀት ያዝልሃል» ሊልህ ይችላል። ውስጡ ውኃ የሞላ ጄሪካን ብታስቀምጥም መብራት ሲጠፋ ሙቀቱ ቶሎ አይወርድም። የመኪና ባትሪ መግጠምም አለ። ዋጋው ግን ማሽኑ ላይ ይጨመራል፤ ገዢው ይችለዋል ወይ የሚለውን አሁንም እሱን ጠይቅ።

«ወጥተን የት ልንገባ ነው?» ያለው ጓደኛህ ጥያቄው ተገቢ ነው። ከግቢ ውጭም ቤት አለ። አይስአዲስ የሚባለው የጀማሪ ሥራ ፈጣሪዎች ማዕከል በ2011 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ሰው ሕንፃ ኮሌጅ በሚለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ኋላ ራሱም ከግቢ ወጣ። ምርት ገበያን የመሠረቱት ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ያቋቋሙት ብሉሙን ደግሞ ሲጀመር ከግብርና ጋር የተያያዘ ሐሳብ ላይ ያተኮረ ማዕከል ነበር፤ ያንተ ነገር ለዚያ ይቀርባል። የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት የሚሰጠው የስድስት ቀን ሥልጠናም አለ። አሰልቺ ቢመስልህም ይጠቅምሃል። ግን አደራ! ከአንዱ ማዕከል ወጥቶ ሌላ ማዕከል ገብቶ እንደገና ስላይድ መሥራት መውጣት አይባልም።

ውሉን በተመለከተ ዝም ብለህ አትፈርም፤ ተናደህም አትቅደድ። አሥር በመቶ በራሱ ነውር የለውም። በምትኩ ምን ይሰጣሉ? ክፍልና ዋይፋይ ከሆነ ተማሪ በመሆንህ ብቻ የሚደርስህ ነው። ገንዘብ ወይም ገዢ ካመጡልህ ሌላ ነገር ነው። ብትወጣ አሥር በመቶው አብሮህ ይወጣል? ጓደኛህ ቢተው የሱ ድርሻ የማን ይሆናል? ይህን በጽሑፍ ይመልሱልህ። ብዙ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። ግቢያችሁ ውስጥ ካለ ውሉን ይዘህ ሂድ፤ አንብበው ያስረዱሃል። እንቁላል መፈልፈያ ድሮም ያለ ነገር ነው፤ ማሽኑን እንዳለ የኔ ነው ማለት አትችልም። የማገላበጫው ዘዴ ወይም ሌላ የእናንተ የሆነ አዲስ ነገር ካለው ግን አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጋ የግልጋሎት ሞዴል የሚባል፣ አነስተኛ ፈጠራን የሚጠብቅ ሰርተፊኬት አለ። ለአምስት ዓመት ይሰጣል፤ ለተጨማሪ አምስት ይታደሳል። ከመፈረምህ በፊት ሄደህ ጠይቅ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ሻንጣህን ሸክፍ አልልህም። ላብራቶሪው፣ ኢንተርኔቱ፣ ደግ መምህርህ፣ እነዚያ የሕግ ልጆች ሁሉ ያንተ ናቸው፤ እስክትመረቅ ተጠቀምባቸው። ማሽኑን ግን ከዚያ ክፍል አውጣው። ይህን ሳምንት አውጣው። ከግቢ ውጭ ዶሮ የምታረባ፣ ጄኔሬተር የሌላት አንዲት እናት ፈልግ። ዘር ያለው 60 እንቁላል ራስህ ገዝተህ ደርድርላት። አንተ አትንካው፤ እሷ ትገላብጠው። እስከ 18ኛው ቀን ነው የሚገላበጠው፤ ከዚያ በኋላ እንዳትነካው ንገራት። መብራት የጠፋበትን ሰዓት ግድግዳ ላይ በከሰል ታስምርልህ።

በ21ኛው ቀን ስንት እንደወጣ ጻፍልኝ። የሞቱትንም ቁጠርልኝ።