ከዓመቱ ስንቱ ቀን ለግብር ይሄዳል?

«ጋሼ፣ ከዓመቱ ስንቱን ወር ነው ለመንግሥት የምሠራው?» አለ ሰሞኑን አንድ ወጣት። መልሱ አለ፤ ግን ጥያቄው እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል ዕቃ ግምጃ ቤት ይሠሩ የነበሩ አባትን አስታወሰኝ።

ዘመኑ 2010 ነው፣ የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 የሚሠራበት። ደመወዛቸው 7,700 ብር፣ የሚቆረጥባቸው የሥራ ግብር 1,360 ብር። በ9,000 ብር የክፍሉ ኃላፊ ይሁኑ ቢባሉ እምቢ አሉ። የፔሮሉ ጀርባ ላይ በእርሳስ አስልተውታል፦ ከ7,800 ካለፍኩ 30 በመቶ ነው፤ የ9,000 ሠላሳ በመቶ 2,700፤ ግብሬ በ1,340 ይጨምራል፣ ደመወዜ በ1,300 ብቻ። ማባዛቱ ልክ ነው። ግን 30 በመቶው የሚያርፈው ከ7,800 በላይ ባለችው 1,200 ብር ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው በየደረጃው ባነሰ መቶኛ ይታሰባል። ለዚህም ነው 9,000 በ30 በመቶ ተባዝቶ 955 ብር የሚቀነሰው፤ ግብሩ 1,745 ብር ይሆናል። 7 በመቶ ጡረታ ወጥቶ፣ እጃቸው የሚገባው ከ5,801 ወደ 6,625 ብር ያድግ ነበር። በወር 824፣ በዓመት 9,888 ብር። አጠገባቸው የሂሳብ ሰዎች ነበርን፤ ያቺን ወረቀት ተቀብሎ ያየላቸው የለም።

ዛሬም ወጣቶቻችን የባንኩን መልእክት አይተው ስልኩን ኪሳቸው ይከታሉ፤ የደመወዝ ዝርዝሩን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ጠይቁ። ያልተጣራው ደመወዝ፣ ግብሩ፣ ጡረታው ለየብቻ ይጻፍላችሁ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ዛሬ በሚሠራው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ 1395/2017 ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ እስከ 4,000 ድረስ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ድረስ 20፣ እስከ 10,000 ድረስ 25፣ እስከ 14,000 ድረስ 30፣ ከዚያ በላይ 35። 20,000 ብር የሚከፈለው ሰው በ35 በመቶ አባዝቶ፣ የታችኞቹ ደረጃዎች ባነሰ መቶኛ ስለሚታሰቡ 2,050 ይቀንስ፤ ግብሩ 4,950 ነው፣ የደመወዙ ሩብ ገደማ። ጳጉሜን ደመወዝ ስለሌላት ዓመቱን 360 ቀን አድርጉት፤ ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር መጨረሻ የሠራው ለግብር ሄደ ማለት ነው። ጡረታ ግብር አይደለም፣ የራሳችሁ ነው፤ ግን ዛሬ እጅ ስለማይገባ እኔ እደምረዋለሁ። 1,400 ብር፤ ታኅሣሥ 25 ደረስን። ከቀረው 13,650 ብር ቫት ያለበት ዕቃ በ7,000 ብር ከገዛ፣ ውስጡ 913 ብር ቫት አለ። 7,000ን በ15 በመቶ አታባዙት፤ ዋጋው ቫቱን ስለያዘ በ15 አባዝቶ ለ115 ማካፈል ነው። አሁን ጥር 11 ላይ ነን፤ ታቦታቱ ከፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲመለሱ ለራሱ መሥራት ይጀምራል።

ቀን መቁጠር ግን ብዙም አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ጭማሪ ሲመጣ ከጭማሪው ላይ ብቻ የሚቆረጠውን ማወቅ ነው። ዛሬ 20,000 የሚከፈለው ሰው ላይ 1,000 ብር ቢጨመር 350 ለግብር፣ 70 ለጡረታ ሄዶ 580 ብር ይቀረዋል። ጡረታውም የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። እኒያ አባት በ2013 ጡረታ ሲወጡ ሦስቱም ዓመት የተያዘላቸው በ7,700 ነበር።