መጽሐፈ ሄኖክና የአክሚሙ ብራና

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? «መጽሐፈ ሄኖክ ግብፅ ውስጥ ከመቃብር ስለተገኘ እውነተኛነቱ ተረጋገጠ» የሚል ቪዲዮ አየሁ። አብሮት «የጴጥሮስ ወንጌል» የሚባልም ተገኝቷል አሉ። እንግዲያው እሱንም ልንቀበለው ነው? ማንበብስ ይፈቀዳል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ግኝቱስ እውነት ነው። በ1887 እ.ኤ.አ. ገደማ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች በላይኛው ግብፅ፣ አክሚም ላይ፣ የጥንት ክርስቲያኖችን መካነ መቃብር ሲቆፍሩ 33 ቅጠል ያላት ትንሽ የብራና መጽሐፍ አገኙ። ቋንቋዋ ግሪክኛ ነው። የሄኖክ የመጀመሪያዎቹ 32 ምዕራፎች፣ «የጴጥሮስ ወንጌል» እና «የጴጥሮስ ራእይ» የተባሉት ቁርጥራጮች አብረው ተጠርዘውባታል። በ1892 ታተመች።

ሄኖክ ግን እኛ ዘንድ መች ጠፍቶ ያውቃል? ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ የግእዙን ቅጂዎች ይዞ አውሮፓ የገባው በ1773 ነው። ጀርመናዊው የግእዝ ሊቅ ዲልማንም ግእዙን በ1851 አሳትሞታል። የአክሚሙ ግሪክኛ ሲመጣ ሊቃውንቱ ከግእዙ ጋር አመሳከሩት። እዚህም እዚያም የቃል ልዩነት አለ፤ መጽሐፉ ግን ያው ነው። ይሄ በጣም ደስ ይለኛል። አባቶቻችን ቆዳ ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ሲገለብጡት የኖሩት መጽሐፍ ዛሬም ሙሉው የሚገኘው በግእዝ ብቻ ነው።

ሆኖም ሄኖክን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት የቆጠርነው ቁፋሮ ስለመሰከረለት አይደለም። ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ ቁጥር 14 ትንቢቱን ጠቅሷል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ተቀብላ ስታነበው ኖራለች። መቃብር ውስጥ መገኘት ጥንታዊነትን ያሳያል እንጂ ቅዱስ መጽሐፍ አያደርግም።

«የጴጥሮስ ወንጌል»ን እይ። ያው መቃብር፣ ያው ብራና ነው። ግን ገና በሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የአንጾኪያው ጳጳስ ሰራፕዮን ሮሶስ በምትባል ከተማ ምእመናን ሲያነቡት አገኛቸው። መጀመሪያ ውስጡን ሳያይ ፈቀደላቸው። ኋላ አስመጥቶ ሲመረምረው፣ አብዛኛው ትክክል ሆኖ ሳለ ባዕድ ትምህርት ተጨምሮበት አገኘና አስጠነቀቃቸው። የአክሚሙ ቅጂም ጌታ ሲሰቀል «ሕመም እንደሌለበት ዝም አለ» ይላል። እኛ ደግሞ በሥጋው በእውነት መታመሙን ነው የምናምነው። ስለዚህ አንቀበለውም።

ሄኖክን ግን ሳትፈራ አንብብ። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ያዘጋጁትን ፈልግ፤ ስልክህ ላይ የሚዘዋወረውን ሁሉ አትመን። ስለ መላእክቱ የሚናገረው ምዕራፍ 6 ላይ ስትደርስ ብቻህን አትተርጉም፤ በአቅራቢያህ ያለ የመጻሕፍት መምህር ጠይቅ። «የጴጥሮስ ወንጌል»ን ለማወቅ ያህል ማየት ከፈለግህ፣ በቅድሚያ አራቱን ወንጌላት ከነትርጓሜያቸው ተማር።